የሰውነት መቆጣትና የደም ስኳር ቁጥጥር የኮሮና ቫይረስ በያዛቸው የስኳር ሕሙማን ላይ፤ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር

በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን በኮሮና ቫይረስ ሲያዙ ለከፋ ጉዳት ከሚዳርጓቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኢንፌክሽኑ የሚቀሰቅሰው የሰውነት መቆጣት የደም ስኳርን ከቁጥጥር ውጪ ማድረጉ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያነሳም ቫይረሱ ግን አልጠፋም።

ቫይረሱ ወደ ሳንባ ሲዘልቅ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ከእነዚህም እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉት ሲበዙ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። የሕመሙ ጫና ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች ስለሚጨምር ደግሞ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በዚህም ሳቢያ ሕመምተኛው አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ የደሙ ስኳር ሊያሻቅብ ይችላል። ያሻቀበው ስኳርም በተራው የመከላከያ ሕዋሳትን ሥራ ያውካል፤ መቆጣቱንም ያባብሳል።

በቻይና ሁቤይ ግዛት በ2020 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ጥናት፣ ኮሮና ከያዛቸው የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን መካከል በሆስፒታል ቆይታቸው የደም ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የነበረው የሞት መጠናቸው 1 ነጥብ 1 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የነበረው ግን 11 በመቶ ደርሷል። አኃዙ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ሕመሙ የጸናበት ሰው ስኳሩ የሚጨምረው በሕመሙ ምክንያትም ጭምር ነውና።

የጎንደር አካባቢ ሁኔታ ከውጭ ጥናቶቹ የሚለይበት አቢይ ነጥብ አለ። በሌላው ዓለም በኮሮና ክፉኛ የሚጠቁት የስኳር ሕሙማን በአብዛኛው ከመጠን በላይ የወፈሩ ናቸው። በጎንደርና በጅማ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት ቀጫጭን፣ ድሃና ወንድ ገበሬዎች መሆናቸውን በማሳየት፣ በምግብ እጥረት ሳቢያ የሚመጣው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 እ.ኤ.አ. መዝግቦ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰርዞት ነበር፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሲል ዕውቅና ሰጥቶታል። ለእነዚህ ሕሙማን ኢንሱሊን ሲቋረጥ የሚተካው ክምችት በሰውነታቸው እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ጤና ጣቢያ የደረሰ ቀጭን ትኩሳተኛ ገበሬ ስኳሩ ሳይለካ መመለስ አይገባውም።

ሕክምናውም የራሱ መዘዝ አለው። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት የሰውነት መቆጣትን በመግታት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማንን ሞት በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ የሚሰጣቸውን ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ ተገልጿል። መጠኑም በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ነው። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አልታየበትም፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ስኳሩን ከፍ ማድረጉ ብቻ ይተርፈዋል። መድኃኒቱ ጠዋት ሲሰጥ ስኳሩ ይበልጥ የሚያሻቅበው ከሰዓት በኋላና ማታ በመሆኑ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ጤና ጣቢያ ጭማሪውን ላያየው ይችላል።

አዘውትሮ የሚፈጸመው ስህተት የኢንሱሊን ማቋረጥ ነው። ሕመምተኛው የምግብ ፍላጎቱ ሲጠፋ "ካልበላሁ መርፌው ይጥለኛል" በሚል ስጋት ይተወዋል። ስጋቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ የኢንሱሊን መጠን በባለሙያ ምክር ሊስተካከል ይችላል እንጂ መርፌው ጨርሶ አይቋረጥም። በተቋረጠ ጊዜ ሰውነት ስብን እያነደደ ደምን በአሲድ ይመርዛል፤ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ጥልቅ ፈጣን አተነፋፈስ ይከተላሉ። ፈጣኑ አተነፋፈስ ከኮሮና የሳንባ ምች ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ ሊያሳስት ይችላል።

የመድኃኒቱ አያያዝም እንደ መልክዓ ምድሩ ይለያያል። በደጋው በደባርቅ ዋናው ጥንቃቄ በውርጭ ሌሊት ኢንሱሊኑ በረዶ እንዳይሆን ሲሆን፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ለሚደርስ ተጓዥ ግን ሙቀቱ ያሰጋል። የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በጥላ ሥር አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስና ከአዲ አርቃይ አካባቢ የተፈናቀሉ ነዋሪዎች በደባርቅ ሲጠለሉ፣ ወረርሽኙና የመንገድ መቋረጥ በአንድ ላይ ተደርበዋል። ከወረዳ እስከ ዞን ያሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች የኢንሱሊን፣ የመርፌና የስኳር መመርመሪያ ቁራጭ መጠባበቂያ ክምችትን ከአስቸኳይ ጊዜ ዕቅዳቸው ጋር ማያያዝ የሚኖርባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመምተኛው ሲያገግም መቆጣቱ ይበርዳል፤ ዴክሳሜታዞኑም ያበቃል። በዚያን ጊዜ በሕመሙ ወቅት ከፍ የተደረገው የኢንሱሊን መጠን ሳይቀነስ ወደ ቤቱ ከተሸኘ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ አዲሱ መጠን በመሸኛ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ለቀበሌው ጤና ኬላም እንዲደርስ ይደረጋል።