ተማሪው ሲያወራ ሰሚው ማን ነው?

በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ከሰማይ ይወርዳል፤ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። ዋናው ተናጋሪ እሱ ሆነ፤ መምህሩም ተማሪውም አድማጭ።

ዛሬ ደግሞ የሚሰማ ማሽን መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተማሪዎችን ውይይት ቀድቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ፣ ማን እንደጠየቀ፣ የጓደኛውን ሐሳብ ይዞ ወደፊት የገፋው ማን እንደሆነ ይለያል። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ኔድ ፍላንደርስ ክፍል ውስጥ ታዛቢ አስቀምጦ በየ3 ሴኮንዱ የሚሆነውን ከ10 ዓይነቶች በአንዱ ያስመዘግብ ነበር። ውጤቱ መምህራንን የሚያኮራ አልሆነም፦ ከክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስተኛው ንግግር፣ ከንግግሩም ሁለት ሦስተኛው የመምህሩ ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አገር ግን «ማን ተናገረ?» ከማለት በፊት «በምን ቋንቋ?» ማለት ይገባል። ጌዴኦን እንመልከት። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ ኖረዋል፤ ተናጋሪውም ሰሚውም በአንድ አንደበት። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ግን በአማርኛ፣ ከፍ ሲል በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ተጠየቀ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካዳረሳቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ሆነ። አባት በአንድ ፊደል፣ ልጅ በሌላ! ያለው ጥቂት ጽሑፍም ለሁለት ተከፈለ።

ማሽን ደግሞ የሚሰማው የተመገበውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ወደ 100 የሚጠጉ ቋንቋዎችን ይዞ ነበር። አማርኛ አለበት፤ እሱንም ሲወጣ በወጉ አይሰማውም ነበር። ጌዴኦኛ ጨርሶ የለም።

እንግዲህ ዲላ አንድ ክፍል ውስጥ እናስብ። ልጅቱ የሒሳቡን መንገድ ለጎረቤቷ በጌዴኦኛ አስረድታ ትጨርሳለች፤ መምህሩ ሲጠይቃት «የስ» ብላ ትቀመጣለች። ማሽኑ «አልተሳተፈችም» ብሎ ይመዘግባል። ያስረዳቻት ጎረቤቷ መልሱን በእንግሊዝኛ ስትናገር ግን ነጥቡ ለእሷ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ አገር የተማሪን ውይይት የሚያዳምጥ ጆሮ ሁሉ ለትምህርት ሲባል የተቀሰረ እንዳልነበረ የ1960ዎቹ ትውልድ ያውቃል። የተቀዳው ድምፅ የት ይቀመጣል? ማንስ ይከፍተዋል?

ዲላ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ኮሌጅዋ፣ መምህራን ስታሠለጥን ቆይታለች። ጌዴኦኛ የሚያውቅ መምህር ወደ ኋላ ወንበር ጠጋ ብሎ ቢያዳምጥ ልጅቱ ያለችውን ይሰማል፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ ክፍለ ጊዜውም አጭር ካልሆነበት።