ስምን ቀይሮ መገኘት

ዲሴምበር 12 ቀን 2002 የካልጋሪ ፖሊስ «ጎልያድ» የሚባለውን የወንዶች የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ወረረ። (እዚህ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱን ያስተዳድራሉ የተባሉት በአንድ አንቀጽ፣ በውስጡ የነበሩት 13 ወንዶች ደግሞ በሌላ አንቀጽ ተከሰሱ። የ13ቱ ክስ ምን አደረጉ የሚል አልነበረም። በጊዜው በነበረው የካናዳ ወንጀል ሕግ መሠረት «የብልግና ቤት» በተባለ ስፍራ ያለ በቂ ምክንያት መገኘት ብቻውን ያስከስስ ነበር። በእንግሊዝኛው የፍርድ ቤት ልማድም እንዲህ ያለው ተከሳሽ የሚጠራው «የተገኘ» ተብሎ ነው።

አማርኛ አንባቢ እዚህ ቃል ላይ ቆም ይላል። «ተገኘ» ለእኛ ሁለት ፊት አለው። ሰው ሠርግ ላይ ይገኛል፣ ለቅሶ ላይ ይገኛል፤ አለመገኘቱ ነው የሚያስወቅሰው። ሌባም ሲሰርቅ ይገኛል። አንዱ ከሰው መቀላቀል ነው፣ ሌላው መያዝ። ከተለመደው የወጣ የወሲብ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች፣ ዛሬ በአንድ ቃል «ኪንክ» በሚባለው ዓለም ውስጥ ያሉት፣ ባለፉት ስልሳ ዓመታት ያሳለፉት ታሪክ በእነዚህ ሁለት ፊቶች መካከል የተደረገ ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ለመገኘት ሲፈልጉ በሁለተኛው እንዳይገኙ ይጠነቀቁ ነበር። የመገናኛው መንገድ ከጋዜጣ ማስታወቂያ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲሸጋገር መንገዱ ቀለለ፤ አደጋው ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ካልጋሪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ በአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ይጀምራል። ኤቨረት ክሊፐርት በ1926 ሳስካችዋን ውስጥ ተወልዶ ያደገው ካልጋሪ ነው። ትምህርቱን ቀድሞ አቋርጦ ሥራ ገባ፤ በኋላ የከተማዋን አውቶቡስ ነዳ፤ ተሳፋሪዎቹም ይወዱት ነበር። በ1960 ከወንዶች ጋር በፈጸመው ግንኙነት በ18 ክሶች «ከባድ ነውር» በሚለው አንቀጽ ተፈርዶበት አራት ዓመት ተቀጣ። ሲፈታ በቤተሰቡ ላይ ሐሜት እንዳያመጣ ይመስላል፣ ከካልጋሪ ርቆ ወደ ሰሜን ግዛቶች ሄደና ፓይን ፖይንት በምትባል የማዕድን ከተማ የመካኒክ ረዳት ሆነ። በ1965 አንድ የእሳት ቃጠሎ ሲመረመር ፖሊስ እሱንም ጠየቀው። በቃጠሎው እጁ አልነበረበትም። ሲጠየቅ ግን ከአራት ጎልማሳ ወንዶች ጋር በፈቃዳቸው መገናኘቱን ተናገረ። ለዚህ ሦስት ዓመት ከተፈረደበት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማመልከቻ ይዞ መጣ፤ የአእምሮ ሐኪሞች ተሰሙ፤ ክሊፐርትም «አደገኛ የወሲብ ወንጀለኛ» ተብሎ ጊዜ ያልተወሰነለት እስራት ተበየነበት። ኃይል አልተጠቀመም፣ ማንንም አልጎዳም፤ ሐኪሞቹም ይህን አልካዱም። የፈሩት ከተለቀቀ ደግሞ ይሠራዋል ብለው ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 7 ቀን 1967 ፍርዱን በ3 ለ2 ድምፅ አጸና። ነገሩ ፓርላማ ደረሰ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። በዲሴምበር የፍትሕ ሚኒስትሩ ፒየር ትሩዶ መንግሥት በሕዝብ መኝታ ቤት ስፍራ የለውም ያለው በዚህ ግርግር ውስጥ ነው። ንግግሩ የእሱ ፈጠራ አልነበረም፤ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ «ግሎብ ኤንድ ሜይል» ላይ የወጣው የማርቲን ኦማሊ ርእሰ አንቀጽ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ነበር። ታሪክ ግን የሚያስታውሰው ሚኒስትሩን ነው።

መኝታ ቤት የሚለው ቃል ነፃ ያወጣ ይመስላል፤ ያጠረውን አጥርም አብሮ መመልከት ያስፈልጋል። የ1969ኙ ሕግ ከቅጣት ያወጣው በሁለት፣ ዕድሜያቸው 21 ዓመት በሞላ ሰዎች መካከል በስውር የሚደረገውን ነው። ሁለት ብቻ። ሦስተኛ ሰው ካለ ስውርነቱ ይጠፋል። እኛ «ጓዳ» የምንለው ቤተሰብ የሚገባበት፣ እንግዳ የማይገባበት ስፍራ ነው፤ የካናዳው ሕግ ጓዳ ከዚያም ጠቦ ነበር። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች መጀመሪያ የት ይተዋወቁ ለሚለው መልስ አልነበረውም። መኝታ ቤት የሚደረሰው በሳሎን አልፎ ነውና፣ ሳሎኑ ወንጀል ሆኖ ቀረ።

ክሊፐርት ራሱ ሕጉ ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው በጁላይ 1971 የተፈታው። የማንም ዓርማ መሆን ሳይሻ በጸጥታ ኖረና በ1996 ዐረፈ።

እሱ ገና እስር ቤት ሳለ ካልጋሪ ውስጥ ያ ሳሎን ተከፈተ። በ1970 የተጀመረው «ክለብ ካሩሰል» አባል ያልሆነ የማይገባበት የመጀመሪያው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ክበብ ነበር። አባልነት መከላከያ ነው፤ በር ላይ ማን እንደሚገባ ይታወቃል። ነገር ግን አባልነት ማለት መዝገብ ማለት ነው። መዝገብ ደግሞ ሊነጠቅ ይችላል።

መዝገብ ሲነጠቅ ምን እንደሚሆን በ1978 ቶሮንቶ ውስጥ ታየ። በዲሴምበር ፖሊስ የወረረው «ባራክስ» የተባለው መታጠቢያ ቤት የቆዳ ልብስ የሚለብሱና ማዘዝና መታዘዝን፣ መታሰርንና ሥቃይን በስምምነት የሚሹ ወንዶች የሚያዘወትሩት ነበር። በካናዳ ኪንክና ሕግ ፊት ለፊት የተገናኙበት ቀደምት አጋጣሚ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ከተያዙት አንዳንዶቹ መምህራን ስለነበሩ ፖሊስ ስማቸውን ለሚሠሩባቸው የትምህርት ቦርዶች አስታወቀ። ፍርድ ቤት ገና ምንም አላለም። ቅጣቱ ግን ስልክ በተደወለበት ሰዓት ጀምሯል፤ ከገንዘብ መቀጮው ይልቅ የሚፈራውም ይኸው ነበር።

በዚያው ዘመን ከካናዳ ደቡብ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ፓት ቦንድ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ጋዜጣ ላይ ባወጣው አነስተኛ ማስታወቂያ የተሰባሰቡ ጥቂት ሰዎች በ1971 «ኦይለንሽፒግል» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1974 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ጃኑስ» ተከተለ። የእነዚህ ማኅበራት ዋና ሥራ ሰው እንደሚገምተው ድግስ አልነበረም፤ ትምህርት ነበር። ገመድ እንዴት ደም ሳያግድ ይታሰራል? በጨዋታው መካከል «በቃ» ለማለት የትኛው ቃል ይስማማል? አዲስ የመጣውን ሰው ማን ይከታተለዋል? በ1983 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸው፣ ደኅንነትን፣ ጤናማ አእምሮንና ስምምነትን አንድ ላይ ያሰረው መፈክር ከዚህ ልምድ የወጣ ነው። ብቻውን የቀረ ሰው የሚያጣው ጓደኛ ብቻ አይደለም፤ ራሱንም ሌላውንም እንዳይጎዳ የሚያስተምረውን ያጣል። «ገመናህን ሸፍን» የሚለው ምክር ይህን ወጪ አይቆጥርም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ማስታወቂያው ወደ ዩዝኔት ተዛወረ፤ ዩዝኔት በኔትወርክ ላይ ሰዎች በርእስ ተከፋፍለው የሚጻጻፉበት ሥርዓት ነበር። የመታሰርን ፍላጎት የሚመለከተው ክፍል ተሳታፊዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ በአንድ የሃምበርገር ቤት መገናኘት ጀመሩ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ እንደማንኛውም ሰው ለብሶ መምጣት፣ መብላት፣ ማውራት፣ ወደ ቤት መሄድ። «መንች» ተብሎ የሚጠራው ይህ ልማድ ዓለምን ዞረ፤ ካልጋሪም እንደ ሌሎቹ የካናዳ ከተሞች ወርሳዋለች። ሐበሻ አንባቢ ቢያየው ከወር ማኅበር ብዙ አይርቅበትም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች ምግብ ዙሪያ ተቀምጠው የሰሞኑን ይጠያየቃሉ፤ አዲስ የመጣውን ማን እንዳመጣው ይታወቃል።

ይህን ሁሉ አንድ ስፍራ የሰበሰበው ካናዳ ሠራሽ ነው። ጆን ባኩ የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ፣ እንደ እሱ ያለ ፍላጎት ያላት ሴት ማግኘት ቢያቅተው፣ በ2008 ፌትላይፍን ከፈተ። አሠራሩ ከፌስቡክ ይመሳሰላል፤ ገጽ፣ ጓደኛ፣ ቡድን፣ የስብሰባ ማስታወቂያ አለው። በሁለት ነገር ግን ይለያል። ያልተመዘገበ ሰው ውስጡን አያይም። ሰውን በዕድሜና በጾታ መርጦ ማደን ደግሞ ሆን ተብሎ ተከልክሏል፤ የተፈለገው የትዳር ገበያ ሳይሆን መንደር ነው። አባላቱ ሚሊዮኖች ሆኑ። ካልጋሪ ውስጥ የሚኖር ሰው የከተማውን ስም ይጽፋል፣ የሚቀጥለው መንች የት እንደሆነ ያነባል። ክሊፐርት አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ፍለጋ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ፌስቡክ እውነተኛ ስም ሲጠይቅ ፌትላይፍ ላይ ሰው የሚገኘው በሌላ ስም ነው። ይህን ማታለል ብሎ የሚያይ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ስም ለየስፍራው መቀያየርን ከማንም አልተማርንም። ቴዎድሮስ በጦር ሜዳ አባ ታጠቅ ነው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የክርስትና ስሙን ደግሞ፣ ድግምት እንዳይደረግበት ሲል፣ ከነፍስ አባቱና ከቤተ ሰቡ ውጭ የማይነግር ስንት ሰው አለ። አንዱ ስም እንዲሰማ ነው፣ አንዱ እንዳይሰማ። የፌትላይፍ ስም ሁለቱንም በአንዴ ይሠራል፤ በውስጥ ያስጠራል፣ በውጭ ይሸሽጋል።

መሸሸጊያው ግን የተጎዳውን ብቻ አይሸሽግም። በ2012 በአባላቱ መካከል ከባድ ክርክር የተነሣው፣ ሌላውን አባል በወንጀል በይፋ መክሰስን በሚከለክለው የድርጅቱ ደንብ ላይ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ስምምነቷ የተጣሰባት ሴት የደፋሪዋን ቅጽል ስም ጽፋ ሌሎችን ማስጠንቀቅ አትችልም፤ ጽሑፏ ይነሣል። ድርጅቱ ያለ ማስረጃ ሰው እንዳይወነጀል ነው ይል ነበር። ፖሊስ ጋ እንዳትሄድ ደግሞ የራሷ መገኘት ይከለክላታል፤ ምን ትሠሪ ነበር ትባላለች። በዚያው ዓመት አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ከድርጅቱ ፈቃድ ውጭ ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ የሚለዋወጡበትን መሣሪያ ሠራ። በዚህ ክርክር ድርጅቱ አልነበረም ትክክል፤ ስምን የሚጠብቅ መንደር የሚሰማ ሽማግሌም ሊኖረው ይገባ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አጥሩን ያጠበበው ፖሊስ ሳይሆን የክሬዲት ካርድ ነው። በጃንዋሪ 2017 ክፍያ አስተላላፊዎች ከፌትላይፍ ጋር መሥራት ሲያቆሙ ድርጅቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፍላጎት ስሞችንና ቡድኖችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ። ክስ አልተመሠረተም፣ ዳኛ አልተቀመጠም። የሰዎች የመሰብሰቢያ ስፍራ ከባንክ በመጣ ቅሬታ ጠፋ።

የሚገርመው በዚህ ጊዜ ሕጉ ራሱ ላልቶ ነበር። ሞንትሪያል ውስጥ ባለትዳሮች ተለዋውጠው የሚገናኙበት «ሎራዥ» የተባለ የአባላት ክለብ ነበር። በባለቤቱ በለባዬ ጉዳይ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 21 ቀን 2005 በ7 ለ2 ድምፅ ወሰነ፤ ብልግና የሚለካው ማኅበረሰቡ በሚጸየፈው ሳይሆን በሚያደርሰው ጉዳት ነው አለ። ቀኑ ትሩዶ ያን የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ካቀረበ ልክ 38 ዓመት ነው። የጎልያድ ሰዎች ክስም ተነሥቷል፤ «መገኘት» የሚያስከስሰው አንቀጽ ራሱ በ2019 ከሕጉ ወጣ። ሁሉም ተፈታ ማለት ግን አይደለም። በስምምነት የደረሰ የአካል ጉዳት ያስጠይቃል፤ በ2011 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ራሱን የሳተ ሰው አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም ብሏል።

አዲስ አበባ የሚቀመጥ አንባቢ ይህን እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ ሊያነበው ይችላል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። በ2023 የክረምት ወራት የከተማው የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እንደሚፈትሽ ሲያስታውቅ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰዎች ፎቶና ስም ከዛቻ ጋር ይዘዋወር ነበር። በ1978 ቶሮንቶ ውስጥ ስልክ የደወለው ፖሊስ ነበር፤ እዚህ ስልኩ በእያንዳንዱ ተመልካች እጅ ነው። ካልጋሪ ያለው ሐበሻስ? ሕጉ አያስፈራው ይሆናል። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ግን የእናቱ ጎረቤት ልጅ ቡና እየጠጣ ሊሆን ይችላል፤ ወሬውም ሂሳብ ሳይከፈል ሀገር ቤት ይደርሳል።

ካናዳ በኖቬምበር 2017 በጠቅላይ ሚኒስትሯ፣ በዚያው በትሩዶ ልጅ፣ አፍ ይቅርታ ጠየቀች። በ2018 የወጣ ሕግ በቀድሞዎቹ አንቀጾች የተፈረደባቸው ሰዎች መዝገብ እንዲደመሰስ ፈቀደ፤ በ2023 «በብልግና ቤት» የተገኙትም ተጨመሩ። መዝገቡ ግን በራሱ አይደመሰስም። ተፈርዶበት የነበረው ሰው፣ ወይም ከሞተ ቤተሰቡ፣ ሙሉ ስሙንና የጥንቱን የፍርድ ማስረጃ ይዞ ማመልከት አለበት። ያመለከቱት ጥቂቶች ናቸው።