ፈንጣጣ የተሸኘበት ክረምት

ሳምንቱን ሙሉ የሰማነው ዜና ምን ዓይነት እንደነበር እናንተም እኛም እናውቀዋለን። ጠዋት ሬዲዮ ስንከፍት ክፉ፣ ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት የባሰ። ስለዚህ ለዚህ ቅዳሜ አንድ ነገር ተስማምተናል፤ ቡናችንን ይዘን ደግ ነገር እናውራ። ደግ ነገር ስንል ተረት ማለታችን አይደለም። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ በእግራቸው ተጉዘው የሠሩት ሰዎች ያሉት ታሪክ ነው። የሚገርመው ደግሞ የሆነው በሰላሙ ዘመን ሳይሆን፣ ዜናው ከዛሬው በማይሻልበት ዘመን ነው።

እናታችሁን ወይም አያታችሁን እጅጌያቸውን ሰብሰብ እንዲያደርጉ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ክንዳቸው ላይ ክብ ጠባሳ አላቸው። “እኛስ አለን አይደል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኛ የቢሲጂ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። የእነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈንጣጣ ነው። እኛ የፈንጣጣ ጠባሳ የሌለን ስለተረሳን ሳይሆን ስላላስፈለገን ነው።

ፈንጣጣ ለእኛ ትውልድ ቃል ብቻ ነው። ለቀደሙት ግን የጎረቤት ፊት ነበር፤ በጠባሳ የተበሳሳ ጉንጭ፣ አንዳንዴም የጠፋ ዓይን። በነገራችን ላይ አገራችን ከዘመናዊ ሐኪም በፊትም በሽታውን ዝም ብላ አላየችውም። በየገጠሩ ባህላዊ ከታቢዎች ነበሩ። ከታማሚው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር ጫር አድርገው ያስገቡበታል። ሰውየው በአብዛኛው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይድናል፣ ዳግመኛም አይያዝም። “ከተበ” የሚለው ግስ የመጻፍም የመብጣትም ትርጉም ያለው መሆኑ እዚህ ላይ ደስ ይላል፤ ክንድ ላይ መጻፍ እንደማለት። ዘዴው ግን አንድ ክፉ ጣጣ ነበረው። የተከተበው ሰው የያዘው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሆነ ለሌላው ያስተላልፋል። መንደሩን ሊያድን የመጣ ከታቢ ወረርሽኝ ትቶ የሚሄድበት ጊዜ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተጠናከረ ዘመቻ የጀመረው በአውሮፓውያኑ 1967 ነው። ኢትዮጵያ ተራዋ የደረሰው ዘግይቶ፣ በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። መዘግየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጤናው መሥሪያ ቤት ገንዘቡንም ሰውንም ያዋለው ወባ ላይ ነበር። እዚህ አገር የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው ቀላሉ ስለነበር ከመቶ ታማሚ የሚገድለው አንድ ሁለቱን ነው፤ ወባ ግን መንደር ያራቁታል። እውነቱን ለመናገር እኛም በዚያ ወንበር ብንቀመጥ ወባን እናስቀድም ነበር።

ፍለጋው ሲጀመር ምን ሆነ? ዜናው ከፋ! ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመላ አገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። በአውሮፓውያኑ 1971 ግን ከ26 ሺህ በላይ ተመዘገበ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው “ጉድ ፈላ፣ አገሪቱ አለቀች” ማለቱ አይቀርም። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሽታውማ ድሮም ነበረ፤ የሚቆጥር ሰው ገና መምጣቱ ነው። እኛ ይህን ቁጥር እንወደዋለን። ያን ያህል አስፈሪ ሆኖ ሳለ የሥራው መጀመሪያ እሱ ነበር።

ቆጣሪዎቹ እነማን ነበሩ? የኢትዮጵያ ሳኒታሪያኖችና ድሬሰሮች፣ ከእነሱም ጋር ከአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች። ብዙዎቹ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ፣ የእኛ እኩዮች። በኢትዮጵያ በኩል ከመሩት መካከል አቶ የማነ ተከስተ ይጠቀሳሉ፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ኦስትሪያዊው ኩርት ቫይታለርና ብራዚላዊው ሲሮ ዴ ኳድሮስ። ለአገሩ ስፋት ቁጥራቸው ኢምንት ነበር። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው መኪና ከሚደርስበት መንገድ ርቆ ስለሆነ ላንድሮቨሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ እግር።

የያዙት ዕቃ ጥቂት ነው። አንደኛ፣ በሙቀት ቶሎ የማይበላሽ በደረቁ የተዘጋጀ ክትባት። ሁለተኛ፣ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ መርፌ። በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል አንዲት ጠብታ ትይዛለች፤ ክንዱን ቶሎ ቶሎ 15 ጊዜ ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ሦስተኛ፣ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን ፎቶግራፍ የያዘ ካርድ። ገበያ ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የውኃ ጉድጓድ ዳር ቆመው ካርዱን ያሳያሉ። “እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?”

የብልሃቱ ሚስጥር ያለው እዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። ፈንጣጣ ከሰው በቀር በእንስሳ ላይ አይኖርም፤ የያዘው ሰውም ሊደብቀው አይችልም፣ ፊቱ ላይ ነው። ስለዚህ 25 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሙሉ መከተብ አያስፈልግም። ታማሚውን አግኝ፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ክተብ፣ በሽታው መሄጃ ሲያጣ እዚያው ይሞታል። እሳት እንዳይዛመት ዙሪያውን ሣር እንደ መመንጠር ያለ ነው።

በቃል ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በጎጃም፣ ሕዝቡ አሻፈረኝ አለ። የራሳችን ከታቢ አለን፣ የማናውቀው ሰው የልጃችንን ክንድ ለምን ይወጋል? ዛሬ ላይ ሆነን “አላዋቂነት” ብለን እንዳናልፈው እንፈራለን። በሽታው ቀላል፣ የራሳቸው መድኃኒት የታወቀ፣ ከመንግሥት የሚመጣው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ፈላጊ ነበር። ቡድኖቹ ሽማግሌ ለመኑ፣ ቄስ ለመኑ፣ የአካባቢ ገዥ ለመኑ፣ ተባረሩ፣ ተመልሰው መጡ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ። የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ቀስ በቀስ ሲወጡ ሸክሙ ይበልጡን በኢትዮጵያውያኑ ጫንቃ ላይ አረፈ። ተራራና ገደሉን ለማለፍ ሄሊኮፕተር ተከራዩ፤ የታጠቀ ሰው በበዛበት አገር ሄሊኮፕተር ማብረር ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም። ሠራተኞች ታገቱ። የዓለም አቀፉ ዘመቻ መሪ የነበሩት ዶናልድ ሄንደርሰን ያስታወሱት አንድ ገጠመኝ አለ። አንድ አብራሪ ከነሄሊኮፕተሩ በሸማቂዎች ተያዘ። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ክትባት ነበረና ነፃ እስኪወጣ ድረስ ሥራ አልፈታም፤ ያገቱትን ሸማቂዎች ከተባቸው። እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር እንስቃለን፤ ቆየት ብለን ግን ዝም እንላለን።

ቁጥሩ ወረደ። በአውሮፓውያኑ 1972 ወደ 17 ሺህ፣ በ1973 ከአምስት ሺህ ጥቂት በለጥ፣ በ1976 ከሺህ በታች። ደጋው ነጻ ወጥቶ በሽታው በኦጋዴን በረሃ፣ ከብትና ግመላቸውን ይዘው ከሚዘዋወሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ቀረ። እዚያ ደግሞ መንደሩ ራሱ ይሄዳል። ዛሬ ያገኛችሁትን ሰፈር ነገ ብትመለሱ የእሳቱ አመድ ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ።

ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.። በባሌ ክፍለ ሀገር፣ ዲሞ በምትባል የበረሃ መንደር፣ በአንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ላይ ሽፍታ ወጣ። ታመመች፣ ዳነች። ከእሷ በኋላ የኢትዮጵያ ፈንጣጣ አልታየም። ስንት ሺህ ዘመን ሰው ሲፈጅ የኖረው በሽታ በዚህች አገር ያበቃው እንዲህ ነው፣ ማንም ሳያጨበጭብ።

ማን ያጨብጭብ? ያን ክረምት አስታውሱት። በሐምሌ የደርጉ ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ተረሽነው ነበር። በመስከረም ደግሞ በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ቀጥሎ የመጣውን ከቤተሰቦቻችን ሰምተን አድገናል። በዚያ መሐል ጋዜጣ የገዛ ሰው ደግ ቀን ነው ብሎ የሚያስብበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። ከታቢዎቹም ቢሆኑ ያቺ ሕፃን የመጨረሻዋ መሆኗን አላወቁም። የማያገኙትን በሽታ ፍለጋ ካርዳቸውን ይዘው መዞራቸውን ቀጠሉ። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሶማሊያ ጦርነት በዚያው በኦጋዴን ሲፈነዳ ሥራው ተደናቀፈ፤ ሲበርድ ደግሞ ተመልሰው ገቡ። የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑ ናይሮቢ ላይ የተነገረው ጥቅምት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን የዓለም ጤና ጉባኤ መላው ዓለም ነጻ ወጣ አለ።

ከዲሞዋ ሕፃን በኋላ በሽታው አንድ ዓመት ከምናምን በጎረቤት ሶማሊያ ቆይቷል። በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው መርካ በምትባል ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ሽፍታው የወጣበት ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። ሆስፒታል እየሠራ ክትባቱን ሲሸሽ የኖረው መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ሁለት የታመሙ ልጆች ወደ ማግለያ ጣቢያ ሲወሰዱ መንገድ ለማሳየት መኪናው ላይ ተሳፈረ፤ የያዘውም ያኔ ነው። ዓሊ ድኖ ዕድሜ አገኘ፤ በኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ገብቶ ልጆቻቸውን ለማስከተብ ለሚያመነቱ እናቶች የራሱን ፍርሃት እያወራ በየመንደሩ ይዞር ነበር። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. እዚያው ሥራው ላይ እንዳለ አረፈ፤ የገደለው ወባ ነው።