ከአውበሬ የተላከች የደም ጠብታ

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በፈረንጆቹ 1986 ሲታወቁ፣ ከዓመት በፊት የወጣው የደም ምርመራ ማሽንና መብራት ይፈልግ ነበር። ኋላ የመጣው ፈጣን ምርመራ ግን ከጣት በወጣች ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ሰጠ። አውበሬ ስሠራ የደገፈኝ እሱ ነው። ለጨቅላ ግን አይሆንም፤ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር በደሙ ሊቆይ ስለሚችል ያሳስታል። መላው ማጣሪያ ወረቀት ሆነ፦ ከሕፃኑ ተረከዝ የተወሰደው ደም ወረቀቱ ላይ ደርቆ፣ በረዶ ሳያስፈልገው፣ በፖስታ ታሽጎ ፒሲአር ወዳለበት ይላካል።

አንዴ የላክሁት ውጤት ሲመለስ እናትየዋ ውሃ ፍለጋ ከብቶቿን ይዛ ሄዳለች። ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ይላል። ሕፃኑን አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ምርመራ ርካሽነት ሲነገረኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው መልሱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ነው።