ሽመላ የተመለሰባት ከተማ

እንግዲህ ስሙኝ። ከኪዮቶ በባቡር ተነሥቼ፣ ተራራ ለተራራ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዤ የጃፓኗ ቶዮኦካ ከተማ ገባሁ። የማሩያማ ወንዝ በሸለቆው መሐል ወደ ጃፓን ባሕር ያዘግማል፤ ግራ ቀኙ ዓይን እስኪደክም ሩዝ ነው። ከማሳው ዳር ረዥም ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ጎጆ፣ ጎጆው ላይ ሽመላ።

ይህች ወፍ ከአገሩ ጠፍታ ነበር። መጀመሪያ ጥይት አሳሳት። ኋላ በየማሳው የተረጨው ፀረ ተባይ ዓሣውንና እንቁራሪቱን ፈጀ፤ መርዙም ከምትበላው ጋር ሆዷ ገባ። የጃፓን የመጨረሻዋ የዱር ሽመላ እዚሁ ቶዮኦካ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1960 የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ አንዲት ሴት፣ ከብቶችና ሽመላዎች በአንድ ወንዝ ውስጥ፣ እንደ አንድ ቤት ሰው ተጠጋግተው ይታያሉ። ሳየው ሆዴ ባባ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነበራ!

የአካባቢው ሰዎች ግን አስቀድመው፣ በ1965፣ ጥቂቶቹን ይዘው ለማራባት ሞክረው ነበር። እንቁላል አለ፣ ጫጩት የለም። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። በ1985 ከሶቪየት ኅብረት፣ ከሃባሮቭስክ ስድስት ወጣት ሽመላዎች መጡላቸው፤ በ1989 ጫጩት ተፈለፈለ። በ2005 አምስት ወፎች ወደ ሰማይ ተለቀቁ።

መልቀቁስ ተለቀቁ፤ ምን ይብሉ? እዚህ ላይ ነው ገበሬው የገባው። የሩዝ ገበሬ በሙቀቱ ወራት መጀመሪያ ማሳውን ለጥቂት ቀን ያደርቃል፤ ሥሩ እንዲጠነክርለት። ያኔ ገና እግር ያላወጡት የእንቁራሪት ልጆች ጭቃው ላይ ይቀራሉ። የቶዮኦካ ገበሬዎች ማድረቂያውን ቀን አዘገዩት። መርዙን ቀነሱ፤ አንዳንዱም ጨርሶ ተወው። በብርዱ ወራትም ማሳቸው ላይ ውኃ ያስተኛሉ። አረሙ በረታባቸው፤ ጉልበታቸውን ጨመሩበት።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከድንበሩ ላይ ጎንበስ አሉና በመዳፋቸው ውኃ ቀድተው አሳዩኝ። ጭራውን የሚያወራጭ ጥቁር ነገር፣ ሁለት ቀጫጭን የኋላ እግር አውጥቷል።

«አባት፣ ውኃውን መቼ ይለቁታል?» አልኳቸው በአስተርጓሚ።

እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ማሳው መለሱ።

«የፊት እግሩ ገና ነው» አሉኝ።