ስለ ጣትና ስለ መግረፊያ

ሰው አዲስ የዜማ ዕቃ በተቀበለ ጊዜ እጁ ቀድሞ የተማረውን ሥራ አይተውም። ይህም ባለ አራት አውታር በሆነው በቤዝ ጊታር ታሪክ ተገልጦ ይታያል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር ሠርቶ አወጣ። ከዚያ በፊት በማኅበረ ዜማ መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ቆመው የሚመቱት ታላቁ ኮንትራባስ ነበረ። ፌንደር አዲሱ ዕቃ በአውራ ጣት እንዲመታ አስቦ ለቀሩት ጣቶች ማሳረፊያ አበጀለት። ነገር ግን መቺዎቹ የሠሪውን አሳብ አልጠበቁም። ከኮንትራባስ የመጡት ጣታቸውን፣ ከጊታር የመጡት መግረፊያቸውን ይዘው ቀረቡ።

ከቀደሙት ወገን በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ጄምስ ጄመርሰን ነው። በዲትሮይት ከተማ ኮንትራባስ ተምሮ፣ በኋላም ለሞታውን ኩባንያ ሸክላዎች ቤዝ ጊታር ሲመታ፣ የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ ይጠቀም ስለ ነበረ ያች ጣት «መንጠቆ» ተባለች። ከሁለተኛው ወገን በ1935 ዓ.ም. የተወለደችው ካሮል ኬይ ናት። እርሷ ጊታር መቺ ነበረች፤ በ1963 ዓ.ም. በሆሊውድ ሸክላ በሚቀረጽበት ቤት የቤዝ መቺው ቢቀር በስፍራው ገባች፤ የጊታር መግረፊያዋንም አልጣለችም።

የድምፁም ልዩነት ምክንያት አለው። የጣት ሥጋ ለስላሳና ሰፊ ስለ ሆነ ከዋናው ድምፅ ጋራ የሚነሡትን ቀጫጭን ድምፆች ያለዝባል፤ ድምፁም ክብ ሆኖ ይወጣል። መግረፊያ ግን ጠንካራና ስለታም ስለ ሆነ የምቱ መነሻ ጐልቶ ይሰማል። ኬይ በበኩሏ የአውታሩን ርዝመተ ድምፅ ለማሳጠር በላዩ ወፍራም ጨርቅ ታደርግበት ነበረ።

በኢትዮጵያም ክራር በመግረፊያ ይገረፋል፣ በጣትም ይደረደራል፤ አንዱ ሌላውን አልሻረም። በቤዝ ጊታር መቺዎች ዘንድ ግን «እውነተኛው አመታት የጣት ነው»፣ «አይደለም፣ የመግረፊያ ነው» የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አልቀረም።

ክርክሩ ሲበዛ የሚረሳው ሠራተኛው ነው። በዚያ ዘመን ሸክላው የዘፋኙን ስም ያወጣ ነበር እንጂ የመቺውን ስም ብዙ ጊዜ አያነሣም ነበርና፣ ጄመርሰን እንኳ በሞታውን ሸክላ ላይ ስሙ የተጻፈለት በ1971 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ ለብዙ ዓመት በድምፃቸው ሲደሰት ስማቸውን አላወቀም። እንግዲህ ጣት ይበልጣል ወይስ መግረፊያ ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ የመታው ማን ነው፣ ከማንስ ተማረ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ የሚሰማው የመቺው ትምህርት ነውና።