በባቡር ጣቢያ ፊት የቆመው አንበሳ

ጉብሬ የባቡር ሐዲድ አልደረሰላትም። ነገር ግን ጀፎረን የሚያውቅ የጉራጌ አገር ሰው፣ አደባባይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ረጅም ሐተታ አያሻውም። በግራና በቀኝ በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር ለሠርግና ለለቅሶ፣ ለጨዋታና ለሸንጎ የሁሉ ነው፤ ማንም የራሱ አድርጎ አያጥረውም። በከተማ ደግሞ የባቡር ጣቢያ ፊት እንዲሁ የሁሉ ስለ ሆነ፣ መንግሥታት ስለ ራሳቸው ሊናገሩ የፈለጉትን በዚያ ላይ ሲያቆሙ ኖረዋል። በሞስኮ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት ጣቢያዎቹ በእብነ በረድ አጊጠው የታዩት ስለዚህ ነው። የእኛይቱ አዲስ አበባ ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀድማ ነበር።

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ (ስሙ ፈረንሳዮች ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው) በኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ ፈረንሳዊው ቀራጺ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው በወርቅ የተለበጠ የነሐስ አንበሳ በጣቢያው ፊት ቆመ። ዘውድ ደፍቶ መስቀል ይዟል፤ በመደቡም ላይ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የልዑል ራስ መኰንንና የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ተቀርጿል። ለበዓሉ በባቡር የመጣ እንግዳ ከሠረገላው ወርዶ ከጣቢያው እንደ ወጣ የሚያየው ይህንኑ ነበር።

የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አንበሳው ተነቅሎ ወደ ሮማ ተጫነ። የተተከለበትን ስፍራ ልብ በሉ፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት ሥር፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መወሰዱ በአጋጣሚ ቢሆን እንኳ፣ ከዶጋሊ ሐውልት ሥር መደረጉ በቀል ለመሆኑ አያጠራጥርም።

በሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያነሡት በመጡ ጊዜ ሰይፉን መዝዞ አያሌ ሰዎች አቆሰለ፤ በጥይትም ተመታ። እዚያው እንደ ሞተ አድርገው የሚተርኩ ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን ሞቱ ዘግይቶ፣ በሲሲሊያ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ በሰኔ 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው፤ ሰባት ዓመት በእስር መማቀቅ የአንድ ቅጽበት ጀግንነት አይደለምና።

አንበሳው ከነፃነት በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡን ያወረደው ደርግ ደግሞ የዘውድ ምልክት ነው ብሎ ሊያነሣው አሰበ። የጥንት አርበኞች ማኅበር ግን የዘርዓይን ደም አስታውሶ ስለ ተከራከረ፣ አንበሳው ከነዘውዱ ቀረ። ፈረንሳዊ የቀረጸውን፣ ንጉሥ ያቆመውን ሐውልት የሕዝብ ያደረገው እንግዲህ የአንድ አስተርጓሚ ሥራ ነው።

አሁንም በዚያው ቆሞ ይታያል። ባቡሩ ግን ወደዚያ ጣቢያ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ የጅቡቲ መስመር መንገደኛውን የሚያሳፍረው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው።